የተጣሉ ዕቃዎችን ፎቶ ሳነሳ ወይ ካታሎግ ወይ የወንጀል ማስረጃ ይመስሉብኛል፤ ምን ይሻላል?

ቆርኪ_ለቃሚ፦

ጤና ይስጥልኝ የቤቱ ሰዎች። ተጥለው የሚገኙ ተራ ዕቃዎችን በተከታታይ ፎቶ አንስቼ አንድ ወጥ ሥራ ላደርጋቸው አስቤአለሁ። የተጨፈለቀ ጣሳ፣ ቆርኪ፣ ጥርሱ የረገፈ ማበጠሪያ፣ ጎደሎ ነጠላ ጫማ፣ እጀታው የተሰበረ መነጽር፣ የመሳሰሉትን። በእጄ ያለው ባለ24 ሜጋፒክስል ፉል ፍሬም ካሜራ፣ 100 ሚሊ ሜትር ማክሮ (ትንንሽ ነገሮችን ተጠግቶ የሚያነሳ) ሌንስ፣ ትራይፖድና አንድ ፍላሽ ነው።

ችግሮቼ እነዚህ ናቸው። ነጭ ወረቀት ላይ ሳስቀምጣቸው የሱቅ ካታሎግ ይመስላሉ፤ ወድቀው ባሉበት ሳነሳቸው ደግሞ ፖሊስ ያነሳው ማስረጃ። ጣሳ ላይ ፍላሹ ነጭ ሆኖ ይፈነዳና የቀረው ይጠቁራል። ቆርኪን ቀርቤ ሳነሳ ከፊቱ እስከ ኋላው ጥርት አይልም፤ የሌንሱን ቀዳዳ (አፐርቸር) ኤፍ/22 ድረስ ስዘጋው ጭራሽ ሁሉም ነገር ፈዘዝ ይላል። ሌላው ደግሞ፣ ይታጠቡ ወይስ ከነጭቃቸው ይነሱ?

ጎን_ብርሃን፦

ከጣሳው ልጀምር። የሚያብረቀርቅ ብረት ፎቶ ላይ ራሱ አይታይም ማለት ይቻላል፤ የሚታየው የሚያንጸባርቀው ነገር ነው። ትንሽ ፍላሽ ካቆምክለት የሚያሳይህ ያችኑ ትንሽ ፍላሽና በዙሪያዋ ያለውን ጨለማ ክፍል ነው። የፍላሹን ኃይል መቀነስም አይፈታውም፤ ነጩም ጥቁሩም አብረው ይወርዳሉ። ጣሳው ፊት ሰፊ ነጭ ነገር ማቆም አለብህ።

60 በ80 ሳንቲ ሜትር በሚሆን የእንጨት ፍሬም ላይ ትሬሲንግ (ብርሃን አሳላፊ ስስ) ወረቀት ወጥር። ከጣሳው በላይ ከ25 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ላይ፣ ወደ አንድ ጎን ዘንበል አድርገህ አቁመው። ፍላሹ ከወረቀቱ ጀርባ ይሁን። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር አለ፦ በፍላሹና በወረቀቱ መካከል ያለው ርቀት። ፍላሹን ወደ ወረቀቱ እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ብታስጠጋው መሃሉ ደምቆ ጠርዙ እየደበዘዘ ይሄዳል፤ 80 ብታርቀው ወረቀቱ በሙሉ ወጥ ነጭ ይሆናል። ለተጨፈለቀ ጣሳ የመጀመሪያው ይሻላል። ከነጭ ወደ ግራጫ የሚሄደው ሽግግር በእያንዳንዱ እጥፋት ላይ ስለሚደገም ብረቱ ብረትነቱን አያጣም። በወጥ ነጭ ግን እጥፋቶቹ ጠፍተው ጣሳው ግራጫ ፕላስቲክ ይመስላል።

ከዚያ ጥቁር ካርቶን ጨምርበት። ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ወርድ ያለው ቁራጭ በጣሳውና በወረቀቱ መካከል ስታስገባ በእጥፋቶቹ ጠርዝ ላይ ጥቁር መስመር ይሰመራል፤ ቅርጹን የሚያወጣው እሱ ነው። ፍላሽ ብልጭ ብሎ ስለሚጠፋ ይህን በዓይን ማየት አትችልም። መጀመሪያ በፍላሹ ቦታ የኤልኢዲ መብራት አስቀምጠህ፣ ስክሪኑን እያየህ ካርቶኑን አንቀሳቅስ፤ ቦታውን ስታገኝ በቴፕ አስረህ ፍላሹን መልስ። ሃሎጂን አምፖል ከወረቀቱ ጀርባ እንዳታደርግ፣ ወረቀቱ ይቃጠላል።

ፖላራይዘር (ነጸብራቅ የሚቀንስ ማጣሪያ) ሌንስ ላይ ብቻ አድርገህ የብረትን ነጸብራቅ ለማጥፋት አትልፋ። ፕላስቲክ፣ ቫርኒሽና እርጥብ ገጽ ላይ ይሠራል፤ እርቃኑን ያለ ብረት ላይ ግን የረባ ለውጥ አያመጣም። መብራቱም ላይ የፖላራይዝ ፊልም ከለጠፍክና የሌንሱን በተቃራኒው ካዞርክ ነጸብራቁ ይጠፋል፤ ግን ብረቱ የሞተ ጥቁር ይሆናል፣ ብርሃንም ወደ 3 ስቶፕ (እያንዳንዱ ስቶፕ ብርሃኑን በግማሽ ይቀንሳል) ታጣለህ። ይህ ዘዴ የሚያዋጣው የጣሳው ቀለምና ጽሑፍ እንጂ ብረቱ በማይፈለግበት ጊዜ ነው።

ለማበጠሪያ፣ ለነጠላ ጫማና ለሌላው የማያብረቀርቅ ዕቃ ደግሞ ተቃራኒውን አድርግ፦ አንድ ትንሽ መብራት ከገጹ 10 እስከ 20 ዲግሪ ብቻ ከፍ ብሎ ከጎን ይጥረገው። የጫማው ሶል ላይ ያለው የተረከዝ መበላት፣ የማበጠሪያው የጥርስ ስባሪ ሁሉ የሚወጣው በዚህ ነው። በተቃራኒው ጎን 20 ሳንቲ ሜትር ርቆ ነጭ ካርቶን ካቆምክ ጥላው ውስጥ ያለው ዝርዝር ይተርፋል።

አንድ የመጨረሻ ነገር። ከላይ ወደ ታች የምታነሳ ከሆነ ብርሃኑ በፍሬሙ ላይኛ ክፍል በኩል ይምጣ፣ ቢቻል ከላይ በግራ። ዓይን ብርሃን ከላይ ይመጣል ብሎ ስለሚገምት፣ ከታች ካበራህ የጣሳው ስርጉድ እብጠት መስሎ ይገለበጣል። ፎቶውን በኋላ 180 ዲግሪ ብታዞረውም ያው ችግር ይመጣል።

ማክሮ_ነክ፦

ስለ ኤፍ/22 ልመልስ። ሌንስህ ጤነኛ ነው፤ ችግሩ ዲፍራክሽን (ብርሃን በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ መበተኑ) ነው። ቀርበህ ስታነሳ ደግሞ ቁጥሩ ከሚነበበው በላይ ይሆናል፤ እውነተኛው አፐርቸር የሚገኘው በምስሉ መጠን (ሴንሰሩ ላይ ያረፈው ምስል ከዕቃው ጋር ሲነጻጸር) ላይ 1 ደምረህ በሚነበበው ቁጥር ስታባዛው ነው። በግማሽ መጠን፣ ማለትም በ1 ለ 2፣ ኤፍ/22 ያልከው በተግባር ኤፍ/33 ነው። እዚያ ላይ አንዲት የብርሃን ነጥብ ወደ 44 ማይክሮን ትሰፋለች፤ የካሜራህ ፒክስል ደግሞ 6 ማይክሮን ነው። ነጥቧ ሰባት ፒክስል ላይ ከተንጣለለች ምንም ዓይነት ሻርፕኒንግ አይመልሳትም።

መፍትሔው ኤፍ/8 ላይ ሆኖ ፎከስ ስታኪንግ (ፎከሱን እያራመዱ ብዙ ፍሬም አንስቶ በሶፍትዌር አንድ ማድረግ) ነው። ቆርኪ ወርዱ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ በ1 ለ 2 ስታነሳው ፍሬሙ 48 በ72 ሚሊ ሜትር ስለሚይዝ በዙሪያው በቂ ባዶ ቦታ ይኖራል። በዚያ መጠን ኤፍ/8 ላይ ጥርት የሚለው ጥልቀት በተለመደው ስሌት ወደ 2.9 ሚሊ ሜትር ነው፤ በትልቁ ለማተም ግን ግማሹን ቁጠር። ስለዚህ በ1 ሚሊ ሜትር እየተራመድክ 1 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለውን የተጣመመ ቆርኪ ከ10 እስከ 12 ፍሬም ትጨርሰዋለህ። የተጨፈለቀ ጣሳ በ1 ለ 4 ቢነሳ ጥልቀቱ ስለሚጨምር የ3 ሚሊ ሜትር እርምጃ ይበቃዋል።

ካሜራህ ራሱ ፎከሱን እያንቀሳቀሰ የሚያነሳ ከሆነ ሜኑው ላይ ያለው የእርምጃ ቁጥር ሚሊ ሜትር አይደለም። ማስመሪያ በ45 ዲግሪ አጋድመህ በተለያየ ቁጥር አንሳና ስንት ሚሊ ሜትር እንደሚራመድ ከማስመሪያው አንብብ። በ45 ዲግሪ ስለተጋደመ ያነበብከውን በ0.7 አባዛው። ይህን አንዴ ለየመጠኑ ከጻፍከው ሁልጊዜ ይሠራል።

ከቅርቡ ጫፍ ጀምር፣ ወደ ሩቁ ሂድ፣ ከሁለቱም ጫፍ አንድ አንድ ፍሬም ትርፍ ውሰድ። ኤክስፖዠሩም (የብርሃን መጠኑ) ዋይት ባላንሱም (የቀለም ሚዛኑ) በማኑዋል ይሁን። ፍላሹን ሙሉ ኃይል ላይ አታድርገው፤ 1/8 ላይ ቢሆን ቶሎ ይሞላል፣ ከፍሬም ፍሬምም ብርሃኑ አይዋዥቅም። ሲዋዥቅ የተቀናበረው ምስል ላይ ወጥ መሆን የነበረበት ገጽ ደመቅና ጨለም ያሉ ጠቃጠቆዎች ያወጣል።

ከሶፍትዌሩ ሲወጣ የፊተኛው ጠርዝ ዙሪያ ጭጋግ የመሰለ ቀለበት ካየህ፣ የቅርቡ ጠርዝ ብዥ ባለበት ፍሬም ከኋላው ያለውን ገጽ ስለሸፈነው ነው። ማበጠሪያ ላይ ጥርሶቹ መሃል ይህ ይበዛል። ኤፍ/11 ላይ ድገመው፤ ካልጠፋ ያችን ቦታ ብቻ ከአንዱ ፍሬም በብሩሽ አምጣ።

ስታኪንግን ለሁሉም ዕቃ አትጠቀም ግን። ጠፍጣፋ ነገር አንድ ፍሬም ይበቃዋል። አንዳንዴም የኋላው መደብዘዝ ለሥዕሉ ይጠቅማል፤ ሁሉም ጥርት ሲል ዓይን የት እንደሚያርፍ ያጣል።

ዝገት_ወዳድ፦

«ይታጠቡ ወይ» ላልከው፣ አይታጠቡ። የተጣለ ዕቃ ላይ ታሪኩን የያዘው ቆሻሻው ነው፤ የጎማ ዱካ፣ ዝገት፣ በፀሐይ የነጣ ቀለም፣ የጥርስ ምልክት። እነዚህን ካጠብክ የቀረህ አሮጌ ዕቃ ብቻ ነው። በላስቲክ መንፊያ አፈሩን እፍ በልበት፣ ይበቃል። ዝገትን በጨርቅ አትንካ፤ የላይኛው ዱቄት ሲነሳ ከሥሩ የሚወጣው ብርቱካናማ ቀለም ጨርቁ ባለፈበት ልክ ይታወቃል።

እርጥብ ሆኖ ያገኘኸውን ደግሞ ሲደርቅ ያው ይሆናል ብለህ አትጠብቅ። እርጥብ ዝገት ጠቆር ያለ ቀይ ቡናማ ነው፤ ሲደርቅ ይገረጣል። እርጥብ ካርቶንም እንዲሁ። ቀለሙን ከወደድከው እዚያው አንሳው። ወረቀት ነክ ነገር በወንፊት ሽቦ ላይ በራሱ ይድረቅ፤ ክብደት ከጫንክበት ጭምድዱ ይጠፋል፣ ፀጉር ማድረቂያ ከተጠቀምክ ደግሞ አዲስ ጭምድድ ይፈጥራል። ማስቀመጫው የወረቀት ፖስታ እንጂ ፌስታል አይሁን፤ ፌስታል ውስጥ እርጥበቱ ታፍኖ በጥቂት ቀን ሻጋታ ያወጣል። ፖስታው ላይ ቁጥር፣ ቀንና የተገኘበት ቦታ ጻፍ። ከመሬት ሲነሳ ወደ ላይ የነበረውን ጎንም ምልክት አድርግ፤ ፀሐይ የመታው ጎን የትኛው እንደሆነ በኋላ ትፈልገዋለህ።

ደህንነት ላይ ቀልድ የለም። መርፌና ማንኛውም የሕክምና ዕቃ አይነካም፤ ቀጭን ጓንት መርፌ አያቆምም። ያበጠ የሞባይል ባትሪ አይወጋም፣ አይጨመቅም፣ ቤት አይገባም፤ ይቀጣጠላል። ነጭ ዱቄት ያወጣ ባትሪ ድንጋይ በእጅ አይያዝ፣ ዱቄቱ ቆዳና ዓይን ያቃጥላል። የተሰበረ ፍሎረሰንት አምፖል ሜርኩሪ አለው። እነዚህን ፎቶ ማንሳት ከፈለግህ ባሉበት፣ ሳትነካቸው።

ሐና_ፍሬም፦

ዝገት ወዳድ፣ በደህንነቱ ተስማምተናል፤ በእጥበቱ ግን ከፊል ነው የምስማማው። ሁሉም ቆሻሻ እኩል አይደለም። ከዕቃው ጋር የኖረና ትናንት የተለጠፈበት ይለያያሉ። መነጽሩ መስታወት ላይ ያለው ጭረት የእሱ ነው፤ ስታነሳው የተወከው የጣትህ አሻራ ግን ያንተ ነው፣ በማክሮ ደግሞ መጀመሪያ የሚታየው እሱ ነው። ስለዚህ ብርጭቆና ጠንካራ ፕላስቲክ ላይ ለስላሳ ብሩሽ፣ ከዚያም በተጣራ ውሃ የረጠበ የጥጥ እንጨት፣ ያውም ነጥብ ነጥብ እያደረጉ እንጂ እየፈተጉ አይደለም። የጨርቅ ብናኝና የድመት ጸጉርም የዕቃው ታሪክ ነው የምትል ከሆነ መልስ የለኝም።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ። ካታሎግ የሚያስመስለው ነጩ ወረቀት ብቻውን አይደለም። ነጭ ጀርባ፣ ከሁለት ጎን እኩል የሆነ ብርሃን፣ ጥላ የሌለው ዕቃ፣ በ45 ዲግሪ «ሦስቱንም ጎኔን እዩልኝ» የሚል አቀማመጥ፤ እነዚህ ሲገናኙ ነው የሚሸጥ ዕቃ የሚሆነው። ማስረጃ የሚያስመስለው ደግሞ ካሜራው ላይ የተሰካ ፍላሽ፣ ከቆመ ሰው ቁመት ወደ ታች ያጋደለ ዕይታና ዕቃውን የሚያሳንስ ብዙ ዙሪያ ነው። ከየዝርዝሩ ሁለት ብታፈርስ ፎቶው ከሁለቱም ይወጣል።

አካሄዱ እንዲህ ቢሆን፦ ካሜራው ቀጥ ብሎ ከላይ፣ ወይም ቀጥ ብሎ ከጎን። መሃል ላይ የሚዋልል ማዕዘን ተው። ጀርባው መካከለኛ ግራጫ ወይም ያልነጣ ወረቀት። ብርሃኑ አንድ፣ ከአንድ ወገን። ጥላው ይኑር፣ ግን ለስለስ ያለና አጭር ይሁን፤ ዕቃው ክብደት የሚኖረው ወረቀቱን በነካበት ቦታ ያለችው ጠባብ ጥቁር መስመር ስትኖር ነው። እሷን አጥፍተህ ዕቃውን ካንሳፈፍክ ወዲያው ካታሎግ ነው።

አሜሪካዊው ፎቶግራፈር ኢርቪንግ ፔን እ.ኤ.አ. በ1972 የሲጋራ ቁራጮችን አንስቶ፣ በፕላቲነምና በፓላዲየም አትሞ፣ በ1975 በኒው ዮርክ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም አሳይቷል። እዚያ ውስጥ ለዚህ ሥራ የሚጠቅመው ሁለት ነገር ነው፦ ጀርባው ባዶ ነው፤ የጣት ቁራጭ የምታህለዋ ሲጋራም ከተፈጥሮ መጠኗ ብዙ እጥፍ አድጋ ትታያለች። መጠን ሲለወጥ ተመልካች «ምን እንደሆነ አውቃለሁ» ብሎ ማለፍ ያቅተዋል። ጣሳን በጣሳ መጠን ካተምከው ግን ያልፈዋል።

እንግሊዛዊው አርቲስት ኪት አርናት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1988 እና 1989 ከቆሻሻ መጣያ ቦታ ያገኘውን በቀለም፣ በጣም ቀርቦ አንስቷል። እንግዲህ ባለበት ማንሳትም መንገድ ነው፤ ማስረጃ የሚሆነው ርቀህ ስታነሳ ነው። ባለበት የምታነሳ ከሆነ ሳትነካው ቅረብ፣ ሴንሰሩን ከመሬቱ ጋር ትይዩ አድርግ፣ ደመና ባለበት ቀን ወይም ፀሐይ ዝቅ ስትል ሂድ። በቀጥታ ፀሐይ የራስህ ጥላ ይገባል። በጥላ ሥር ከሆንክ ቀለሙ ወደ ሰማያዊ ስለሚያዘነብል በግራጫ ካርድ ዋይት ባላንስ ውሰድ፤ አለዚያ አስፋልቱ በየፎቶው የተለያየ ይሆንብሃል።

አንድ ነገር ደግሞ፦ የተጣለ የመሰለ ሁሉ የተጣለ አይደለም። መንገድ ዳር የታሰረ ጥቅል የአንድ ሰው ንብረት፣ ምናልባትም መኝታው ሊሆን ይችላል። የሐኪም ማዘዣ፣ መታወቂያ፣ የሰው ፊት ያለበት ፎቶ፣ የስልክ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ካገኘህ ደግሞ ገልብጠህ አንሳው ወይም ተወው። በኋላ በኮምፒውተር ማደብዘዝ ፎቶውን ያበላሸዋል።

ቆርኪ_ለቃሚ፦

እግዜር ይስጥልኝ፣ ብዙ ነገር ተፈታ። ከላይ ቀጥ አድርጌ ልሄድ ወሰንኩ። ሁለት ነገር ቀረኝ። ካሜራው በእርግጥ ቀጥ ማለቱን በምን አውቃለሁ? ሁለተኛ፣ የመነጽሩና የተሰበረ ጠርሙስ ነገር፦ ግራጫ ወረቀት ላይ መስታወቱ ጨርሶ ይጠፋል።

ጎን_ብርሃን፦

ለመጀመሪያው መስታወት ተጠቀም፣ የፊት መስታወት። ዕቃው በሚቀመጥበት ቦታ ላይ ጠፍጣፋ አጋድመውና በካሜራው እይ፤ የሌንሱ ነጸብራቅ ልክ በፍሬሙ መሃል ሲቀመጥ ሴንሰሩና ወረቀቱ ትይዩ ናቸው። ከአረፋ ውሃ ልክ ይሻላል፣ ምክንያቱም ጠረጴዛው ራሱ ቢያጋድልም ይሠራል። የትራይፖዱን መሃል ዘንግ አግድም ካወጣኸው በተቃራኒው ጫፍ የካሜራውን ክብደት የሚያህል አሸዋ አንጠልጥል፤ አለዚያ ቀስ እያለ ይወርዳል፣ ስታኪንጉም ይበላሻል። ብርሃንህ ፍላሽ ብቻ ከሆነ ብልጭታው በጣም አጭር ስለሆነ ንዝረት አያሰጋህም። በኤልኢዲ 1/2 ሰከንድ የምታነሳ ከሆነ ግን 2 ሰከንድ ታይመር አድርግና ወለሉ ላይ አትራመድ። የኤልኢዲው ሲአርአይ (ቀለምን በትክክል የማሳየት መለኪያ) ከ95 ያላነሰ ይሁን፤ የመስኮት ብርሃንም አብሮ እንዳይገባ መጋረጃ ዝጋ።

መስታወት የሚታየው በጠርዙ ነው። ነጭ ጀርባ ከመረጥክ ጠርዙን ጥቁር አድርገው፣ ጥቁር ጀርባ ከመረጥክ ጠርዙን ብሩህ። ከላይ ለምታነሳው እንዲህ አድርግ፦ ከ4 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ጠፍጣፋ መስታወት በሁለት ሳጥን ላይ ከጀርባው ወረቀት 30 ወይም 40 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርገህ አስቀምጥ፣ ዕቃውን እላዩ ላይ። ነጩን ወረቀት ከታች አብራው፤ ግን ፍሬሙ ውስጥ የሚታየውን ያህል ቦታ ብቻ ይብራ፣ ከዚያ ውጭ ያለውን በጥቁር ካርቶን ሸፍን። የስባሪው ጠርዝ ከፍሬሙ ውጭ ያለውን ጥቁር አጥፎ ስለሚያመጣ ጥርት ያለ ጥቁር መስመር ይወጣል። ለተቃራኒው ጥቁር ካርቶን መሃል ላይ፣ ብርሃን በዙሪያው።

ሁለት ነገር ይበላሻል። የመጀመሪያው ካሜራው ራሱ በመስታወቱ ላይ ይንጸባረቃል፤ ሌንሱ የሚወጣበት ቀዳዳ ያለው ጥቁር ካርቶን ከካሜራው በታች አስገባ። ሁለተኛው የነጩ ወረቀት ብርሃን ሲበዛ ጠርዞቹን ይበላቸዋል። ወረቀቱ ሂስቶግራሙ (የብርሃን ስርጭቱን የሚያሳየው ግራፍ) ላይ የቀኙን ጫፍ ሳይነካ ጥቂት ቀደም ብሎ ቢቆም ይበቃል፤ ንጹሕ ነጭ ማድረጉን ለኮምፒውተሩ ተውለት።

ይህን አሠራር ለጣሳውና ለማበጠሪያው አትጠቀምበት። ሐና ያለችው የጥላ መስመር እዚህ ላይ አይኖርም። በአንድ ተከታታይ ሥራ ውስጥ ግማሹ ተንሳፎ ግማሹ ቆሞ ካየኸው መስታወቶቹን ለብቻቸው ሌላ ክፍል አድርጋቸው።

ጽጌ77፦

ይቅርታ በመሃል ገባሁ። ማክሮ ሌንስ የሌለንስ? ስልክና አሮጌ ስካነር ብቻ ነው ያለኝ።

ማክሮ_ነክ፦

እህቴ፣ ስካነሩን አትናቂው፤ ለዚህ ሥራ አንዳንዴ ከካሜራ ይበልጣል። መጀመሪያ ዓይነቱን እዪ። የሲሲዲ ስካነር ከመስታወቱ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ያለውንም ነገር በመጠኑ ጥርት አድርጎ ያሳያል፤ ቀጫጭኖቹ፣ በዩኤስቢ ገመድ ብቻ የሚሠሩት፣ በአብዛኛው ሲአይኤስ ናቸው፣ መስታወቱን የነካውን ብቻ ነው የሚያዩት። ለመለየት ቁልፍ አጋድመሽ ስካን አድርጊ፣ ከዚያ ሁለት ሳንቲም ከሥሩ አስገብተሽ ድገሚው። ሁለተኛው ጨርሶ ብዥ ካለ ሲአይኤስ ነው፤ እሱም ቢሆን ለወረቀት፣ ለቅጠል፣ ለጨርቅና ለተዳመጠ ነገር ይሆናል።

መስታወቱ ላይ መጀመሪያ ንጹሕ አሳላፊ ፕላስቲክ አንጥፊ፤ የቆርኪ ጥርስ አንዴ ከጫረው ጭረቱ በሁሉም ስካን ላይ ይወጣል። ክዳኑን አትዝጊው፣ ክፍሉን አጨልሚ፤ ጀርባው ጥልቅ ጥቁር ይሆናል። በ1200 ፒፒአይ (በአንድ ኢንች የፒክስል ብዛት) 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ ዕቃ ወደ 4,700 ፒክስል ይሰጥሻል፤ በ300 ሲታተም 40 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው። «አቧራ አስወግድ» እና «አሳምር» የሚሉትን አጥፊያቸው፤ ያንቺን አቧራ ከዕቃው አፈር አይለዩም። የስካነር ብርሃን ከአንድ ወገን ስለሚመጣ ዕቃውን ስታዞሪው ጥላው ይለወጣል፤ በየትኛው አቅጣጫ እንደሚያምር ዝቅ ባለ ጥራት ሞክሪና ከዚያ ዋናውን አድርጊ።

በስልክ ከሆነ ዋናው ስህተት መጠጋት ነው። ሰፊ ሌንስ ተጠግቶ ሲያነሳ የቅርቡን ጎን ያሳብጠዋል። ባለ2 ወይም ባለ3 እጥፍ ሌንስ ካለው በእሱ፣ ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ርቀሽ አንሺ። ብዙ ስልኮች ስትጠጊ ሳይነግሩሽ ወደ እጅግ ሰፊው ሌንስ ይቀይራሉ፤ አውቶ ማክሮውን ከሴቲንግ አጥፊ። ፖርትሬት ሞድም አይሆንም፣ የተቀደደ ጠርዝን ከጀርባው ጋር አብሮ ያደበዝዘዋል። ስክሪኑን ተጭነሽ ያዢና ፎከሱንም ኤክስፖዠሩንም ቆልፊ።

ሐና_ፍሬም፦

ከመጀመርህ በፊት መጠንን ወስን፤ ብዙ ሥራ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ወይ ሁሉም ዕቃ በአንድ ዓይነት መጠን ይነሳ፣ ጫማው ፍሬሙን ሞልቶ ቆርኪው መሃል ላይ ትንሽ ሆኖ፤ ወይ ሁሉም ፍሬሙን እኩል ይሙሉ። የመጀመሪያው ዕቃዎቹን እርስ በርስ ያነጻጽራል። ሁለተኛው እያንዳንዱን ለብቻው ያቆመዋል፣ ፔን ያደረገውም ወደዚህ የሚቀርብ ነው። ላንተ ሁለተኛውን እመርጥ ነበር፤ ቆርኪ ከጫማ እኩል ሲሆን ነው ነገሩ የሚያስገርመው። ሁለቱን ማደባለቅ ግን ግድግዳ ላይ ስህተት ይመስላል።

የመረጥከውን በወረቀት ጻፈው፦ የካሜራ ከፍታ፣ የመብራቱ ርቀትና ማዕዘን፣ አፐርቸር፣ የፍላሽ ኃይል። ወለሉ ላይ የትራይፖዱን እግሮች በቴፕ አመልክት። ከወር በኋላ አንድ ዕቃ ስትጨምር ከቀድሞዎቹ ጋር እንዲገጥም የሚያደርገው ይህ ነው። በየቀኑ የመጀመሪያው ፍሬም ግራጫ ካርድ ይሁን።

ሮው (ካሜራው ያላቀናበረው ጥሬ ፋይል) አንሳ፣ አይኤስኦ (የብርሃን ትብነቱ) 100። ሲስተካከል ከሴንሰሩና ከጀርባው ወረቀት ላይ ያለውን ነጠብጣብ አጥፋ፤ ከዕቃው ላይ አንዳችም አታጥፋ። ቀለም ወይስ ጥቁርና ነጭ ለሚለው፣ የማስታወቂያ ቀለም የበዛበት ጣሳ ከዛገ ምስማር አጠገብ ሲሰቀል ምስማሩን ይውጠዋል፤ እንዲህ ዓይነት ቅልቅል ካለህ ጥቁርና ነጭ ያስታርቃቸዋል። ሁሉም በፀሐይ የነጡ ከሆኑ ግን ያንን የገረጣ ቀለም መጣል ኪሳራ ነው። የንግድ ምልክት በጉልህ የሚታይበትን ፎቶ ለሽያጭ ከማቅረብህ በፊት ሕጉ ከአገር አገር ስለሚለያይ ባለሙያ ጠይቅ።

ባለ24 ሜጋፒክስሉ ፋይል 6000 በ4000 ነው፤ በ300 ፒፒአይ 50 በ34 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሰጥሃል። 3 ሳንቲ ሜትሩ ቆርኪ የፍሬሙን አጭር ጎን ሦስት አራተኛ ቢሞላ ህትመቱ ላይ 25 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፣ ከስምንት እጥፍ በላይ። ይህን ስታቅድ ከ1 ለ 2 ትንሽ ጠጋ ማለት ያስፈልግሃል፤ እርምጃውንም ከ1 ሚሊ ሜትር ወደ 0.7 አውርደው። ወረቀቱ ማት የጥጥ ወረቀት ቢሆን፣ 300 ግራም አካባቢ፤ የሚያብረቀርቅ ወረቀት ላይ የተመልካቹ ነጸብራቅ ከጣሳው ነጸብራቅ ጋር ይጣላል። ማት ግን ጥቁሩን ያነጣዋል፣ ስለዚህ ጥላው ውስጥ ያለው ዝርዝር ይደፈናል። ሙሉውን ከማሳተምህ በፊት የሦስት ፎቶ ቁራጭ በኤ4 ላይ አሳትም፦ አንድ ጥቁር የበዛበት፣ አንድ ነጭ የበዛበት፣ አንድ ብረት። ጥላውን ከፍ ማድረግ ካስፈለገህ በሁሉም ፎቶ ላይ በአንድ ልክ አድርገው፤ ለየብቻ ካነካካሃቸው ግራጫው ጀርባ ከፎቶ ፎቶ ይለያያል።

ለመምረጥ ሁሉንም በ10 በ15 አሳትመህ ወለል ላይ ዘርጋቸው። ሁለት ፎቶ አንድ ዓይነት ነገር የሚናገሩ ከሆነ አንዱ ይውጣ፣ ምንም ያህል ለማንሳት የለፋህበት ቢሆን።